ከመድኃኒቱ በፊት መያዣውን እወቂ

ልጄ፣

ካርቱም ውስጥ ሂላት ኩኩ ካሉት የወተት በረቶች በአንዱ ሥራ መጀመርሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በ2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት ስንቱን በረት ባዶ እንዳስቀረ ታውቂያለሽ። ሻምባት በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተማርሽውን ይዘሽ ከተማዋ ገና ሳትረጋጋ ወደ ላሞቹ መመለስሽ ቀላል ነገር አይደለም። የጠየቅሽኝ ጥያቄም እንዲሁ ቀላል አይደለም። በረቱ አንድ፣ ውኃው አንድ፣ ድርቆሹ አንድ ሆኖ ሳለ ባክቴሪያው አንዱን ጥጃ ይዞ ሌላውን ለምን ይተዋል ብለሻል። እኔ ካርቱም ባሕሪ ውስጥ ከላም ጋር ባረጀሁበት ዘመን የገባኝን በቁጥር ላስቀምጥልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

1. በሽታ የሚጀምረው ባክቴሪያው የሚጨብጠው ሲያገኝ ነው።

ላም በቀን ውስጥ በአፏ፣ በአፍንጫዋ፣ በጡቷ ጫፍ ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ ይገባባታል። አብዛኛው ምንም ሳያደርግ ይወጣል። አንጀት ያለማቋረጥ ይገፋል፤ ወተት ሲታለብ ቱቦውን ያጥባል፤ እንባ ዓይንን ያጸዳል፤ የመተንፈሻ ቧንቧም በንፍጥ የተያዘውን ቆሻሻ ጠርጎ ወደ ላይ ያወጣል። በዚህ ሁሉ መታጠብ መሐል የሚቆየው፣ ጭጎጎት ከነጠላ ጥለት ላይ እንደሚጣበቅ፣ ከሕዋስ ላይ መጣበቅ የሚችለው ብቻ ነው። ለዚህ ብሎ ብዙው ባክቴሪያ ከገላው ላይ ፊምብሪያ የሚባሉ ቀጫጭን ፀጉሮች ያበቅላል። የአንዳንዱ ፀጉር ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ለሁለት መቶ ሺህ ቢከፈል የሚደርሰውን ያህል ነው። በፀጉሩ ላይ ያለው ፕሮቲን ያገኘውን ሁሉ አይጨብጥም፤ ከላሚቱ ሕዋስ ላይ የሚፈልገው አንድ የታወቀ ስኳር ወይም ፕሮቲን አለ። ከዚህ በኋላ የባክቴሪያውን «መያዣ»፣ የሕዋሱን «መጨበጫ» እላቸዋለሁ። መጨበጫ በሌለበት መያዣ ዋጋ የለውም። መጨበጫው ደግሞ ከእንስሳ እንስሳ፣ ከአካል አካል፣ ከዕድሜ ዕድሜ ይለያያል። የጥያቄሽ ግማሽ መልስ ይኸው ነው።

2. የጥጃውን ዕድሜ በቀን ቁጠሪ።

በተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቢጫ ውኃ የሚያስቀምጠው፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ ጥጃ ስታዪ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ኬ 99 የሚባለውን ፀጉር ያበቀለ ኢ. ኮላይ ነው። ዛሬ መጻሕፍቱ ኤፍ 5 ይሉታል፤ የታወቀው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ይህ ፀጉር የሚጨብጠው በትንሹ አንጀት ሽፋን ላይ ያለ፣ ሲያሊክ አሲድ ከሚባሉት አንዱ ዓይነት የሆነ ስኳር ነው። አዲስ የተወለደ ጥጃ አንጀት በዚህ ስኳር የተሞላ ነው። ጥጃው በቀናት ዕድሜ ሲጠና መጨበጫው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባክቴሪያው ያው ሆኖ ሳለ መቆሚያ ያጣል። የሳምንት ጥጃ ያንኑ እበት ልሶ ደህና የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ሰዎች ደግሞ ያንን ስኳር የምንሠራበት ዘረ መል ከጥንት ጀምሮ ስለተበላሸብን፣ ጥጃ የሚገድለው ይህ ኢ. ኮላይ የኛን አንጀት አይጨብጥም።

ከያዘ በኋላ የሚያደርገውንም ልብ በይ። መርዙ የአንጀቱን ሕዋስ አይገድለውም፤ ውኃና ጨው ከገላው ወደ አንጀቱ እንዲፈስ ያደርጋል እንጂ። ስለዚህ ጥጃው የሚሞተው በድርቀት ነው። የመጀመሪያው ሕክምና በትክክል የተመጠነ የጨው፣ የስኳርና የውኃ ድብልቅ ነው። መርፌ ይዘው ሲሮጡ ውኃውን የሚረሱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁና አንቺ እንዳትረሺ። በካርቱም ሙቀት ድርቀቱ ጥጃውን ለመግደል አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይበቃዋል።

3. እንገር መድኃኒት ነው፤ የሚሠራበት ሰዓት ግን አጭር ነው።

የላም የእንግዴ ልጅ አንቲቦዲ ወደ ጽንሱ አያሳልፍም። ጥጃ ባዶ እጁን ይወለዳል። ያለውን መከላከያ የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም ያንን አንቲቦዲ ወደ ደም የሚያስገባው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በየሰዓቱም በሩ እየጠበበ ይሄዳል። 30 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ 3 ሊትር ያህል፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠጣ። እንገሩን ለቤት ቀቅሎ መብላት በአገራችን በኢትዮጵያም በሱዳንም ያለ ልማድ ነው። የተረፈ ካለ ይብሉ፤ ከጥጃው በፊት ግን ማንም አይቅመሰው። በዚህ ላይ ባለቤቱን ለመቆጣት አትፍሪ።

እንገር ከመያዣው ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ላሚቱ በእርግዝናዋ መጨረሻ ሳምንታት የኬ 99 ክትባት ከወሰደች በእንገሯ ውስጥ ያንን ፀጉር ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይወርዳል። አንቲቦዲው የጥጃው አንጀት ውስጥ ቆይቶ ፀጉሩን ይሸፍነዋል፤ ባክቴሪያው መጨበጫው ፊት ቆሞ መጨበጥ ያቅተዋል። ሳይገደል ታጥቦ ይወጣል። በ1980ዎቹ መጀመሪያም ተመራማሪዎች ይህንኑ አንቲቦዲ በላቦራቶሪ አዘጋጅተው በቀጥታ ለጥጃ ሲያጠጡት ሠርቷል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ጠላትን መግደል ሳያስፈልግ እጁን መያዝ ብቻ በቂ ሆኖ መገኘቱ።

4. «ኢ. ኮላይ ተገኘ» የሚል ውጤት መልስ አይደለም።

ጤነኛውም ጥጃ ኢ. ኮላይ አለበት። የሚጠየቀው የትኛውን መያዣ ይዟል የሚለው ነው። ናሙናውን የምትልኪው ተቅማጡ እንደጀመረ፣ ፀረ ባክቴሪያ ካልተሰጠው ጥጃ ይሁን፤ ጥጃው ወዲያው የሞተ ከሆነ ከትንሹ አንጀት የታችኛው ክፍል ቆርጠሽ በበረዶ ላኪ። ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ባክቴሪያው ኬ 99ን በገላ ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ያበቅላል፤ በ18 ዲግሪ ካደገ ፀጉሩን አይሠራም። የሚያድግበት ምግብም ይለያያል። የተሳሳተ ሳህን ላይ ያደገ ባክቴሪያ ፀጉር አልባ ሆኖ ይታይና «የለበትም» ተብሎ ይጻፋል።

የካርቱም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በ1938 ሲጀመር ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር። ዛሬ ታውቆ ሳለ መሣሪያው ጠፋ። የከተማዋን ላቦራቶሪዎች ጦርነቱ አልማራቸውም። በ2023 የሕዝብ ጤና ብሔራዊ ላቦራቶሪው በታጣቂዎች እጅ ሲወድቅ የዓለም ጤና ድርጅት ውስጡ ባሉት የበሽታ ናሙናዎች ምክንያት ማስጠንቀቂያ እስከማውጣት ደርሶ ነበር። ላቦራቶሪ እስኪቆም ድረስ በዓይንሽና በእጅሽ የምትሠሪው ሥራ ይበዛልና የጥጃውን ዕድሜ፣ የታመመበትን ሰዓት፣ እንገር የጠጣበትን ሰዓት በደብተር መያዝ ልመጂ።

5. ግት ላይ የአላቢውን ጣት ተመልከቺ።

የቡጣናና የኬናና ዝርያ ላም ጥጃዋን ሳታይ ወተት አትለቅም። አላቢው ጥጃውን ፈትቶ ያመጣል። ጥጃው ግቱን በአፍንጫው ይጎሽማል፤ አንዱን ጡት ጠብቶ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ወተቱ ሲወርድ አላቢው ጎትቶ ከእናቱ የፊት እግር ጋር ያስረዋል። እናቲቱ ልጇን እየላሰች ትቆማለች። አላቢው ይቀመጥና ጣቱን በወተት አርጥቦ ይጀምራል። ሲጨርስ በዚያው በረጠበ ጣት ወደሚቀጥለዋ ላም ይሄዳል። ግቱን የጠረገበት ጨርቅም ያው አንድ ጨርቅ ነው። በዚህ መሐል ባክቴሪያው ከጡት ወደ ጡት፣ ከላም ወደ ላም ለመሻገር ምንም አልተቸገረም።

በዚህ መንገድ ከሚሻገሩት ባክቴሪያዎች መሐል ክፉው ስታፊሎኮከስ አውሬውስ ነው። የሚይዝበት መንገድ ከኢ. ኮላይ ይለያል። በላሚቱ ደምና ሥጋ ውስጥ ፋይብሮኔክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የግቱ ሕዋሳት ይህን የራሳቸውን ፕሮቲን ኢንቴግሪን በሚባል ሌላ ፕሮቲን ይይዙታል። ስታፊሎኮከሱ ፋይብሮኔክቲኑን ቀድሞ ይይዝና በእሱ በኩል ከሕዋሱ ጋር ይገናኛል። ሕዋሱ የራሱ ንብረት መስሎት ሲስበው ባክቴሪያው አብሮ ወደ ውስጥ ይገባል። ውስጥ ከገባ በኋላ በጡት ቀዳዳ የምትጨምሪው ፔኒሲሊን አያገኘውም። ውጭ የቀረውም ተያይዞ ሽፋን ይሠራል፤ መድኃኒቱ ሽፋኑን አልፎ ለመግባት ይቸገራል። ሕክምናው ሲጀመር ወተቱ ይጸዳል፣ ሲቆም ከሁለት ሳምንት በኋላ በወተቱ ውስጥ የሚታየው ፍርፋሪ ይመለሳል። ባለቤቱ መድኃኒቱ ተጭበርብሯል ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ባክቴሪያው ከሕዋሱ ውስጥ ነው የተመለሰው።

ከእበት መጥቶ ግት የሚገባው ኢ. ኮላይ ግን ብዙ መያዝ አያስፈልገውም፤ ወተቱ ውስጥ በፍጥነት ተራብቶ በአንድ ሌሊት ላሚቱን ይጥላታል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ አድርገሽ አትያቸው። ለእሱ የበረቱን ወለል አድርቂ፤ ለስታፊሎኮከስ የአላቢውን እጅ አጥቢ።

የምታደርጊው ይህን ነው። ከማለብ በፊት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠብታዎች በጥቁር ዕቃ ላይ ጨምቀሽ እዪ። ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ ይኑራት። ካለብሽ በኋላ ጡቶቹን አዮዲን ውስጥ ንከሪ። የጡቱ ቀዳዳ ከታለበ በኋላ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሳይዘጋ ስለሚቆይ ወዲያው እንዳትተኛ አቡ ሰብዒን የሚባለውን የማሽላ መኖ ያን ጊዜ አቅርቢላት፤ ቆማ ትበላለች። ካሊፎርኒያ የሚባለውን የአራት ጉድጓድ ሳህን ምርመራ በየወሩ አድርጊ፤ ድብልቁ የወፈረባትን ላም በመጨረሻ እለቢ። ሁለት ሦስት ጊዜ ታክማ የተመለሰባት ላም ከመንጋው ትውጣ። ይህ ለባለቤቱ መራራ ነው፤ እኔም ስንቱን ለምኜ አልሰማኝም። ግን ሌላ መንገድ የለውም።

6. ዓይን ላይ አትዘግዪ።

ሀቡብ የሚባለው የአሸዋ ማዕበል ሲነሣ አሸዋው ዓይን ይቧጭራል፤ ዝንብ ሞራክሴላ ቦቪስን ያመጣል። ይህ ባክቴሪያም ፀጉር ከሌለው በሽታ አያመጣም። ጥላ አብጂላቸው፤ ዝንቡን ቀንሺ፤ እንባዋ የፈሰሰውን ዛሬውኑ ለይተሽ አክሚ።

7. በሳንባ በሽታ ላይ ፔኒሲሊን አታባክኚ።

በአገራችን አርቢዎች በደፈናው ሳንባ የሚሉትን ተላላፊ የከብት በሽታ የሚያመጣው ማይኮፕላዝማ ነው። ፔኒሲሊን የሚመታው የባክቴሪያን ግድግዳ ሲሆን ማይኮፕላዝማ ግድግዳ የለውም። ይህን የሻምባት መምህሮችሽ ነግረውሻል። እኔ የምጨምርልሽ ማይኮፕላዝማው ወደ ሕዋሱ ለምን መቅረብ እንደሚያስፈልገው ነው። ማይኮፕላዝማው ከመተንፈሻው ሕዋስ ጋር ተጣብቆ ግሊሰሮል ይመገባል፤ ሲመገብ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ቁስል የምናጥብበት ያው ነገር። በመካከላቸው ርቀት ስለሌለ ፐርኦክሳይዱ በቀጥታ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል። ተመራማሪዎች ያንን የሚያመርተውን ኤንዛይም በአንቲቦዲ ሲሸፍኑት ጉዳቱ ቆሟል። የአፍሪካ የማይኮፕላዝማ ዝርያዎች ግሊሰሮልን ስበው የሚያስገቡበት መሣሪያ የተሟላ ነው። ኋላ በአውሮፓ ከታዩት የብዙዎቹ መሣሪያ ከፊሉ የጎደለ ነበር፤ በሽታቸውም የቀለለ ሆነ። በእኛ ላሞች ላይ የመጣው ክፉው ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከኦምዱርማን ምዕራብ ካለው የሙወይሊህ ገበያ የተገዛ ከብት በጭነት መኪና ተጠጋግቶ ተጭኖ ሲመጣ በቀጥታ ወደ መንጋሽ አታስገቢው። ለብቻው አቆይተሽ ሳሉን አዳምጪ። በጦርነቱ መንጋው ያለቀበት ሰው ቶሎ መተካት ስለሚፈልግ ይቸኩልብሻል፤ ያገገመ የሚመስል ከብት ሳንባው ውስጥ የታጠረ የሞተ ሥጋ ይዞ እንደሚዞር ንገሪው። ክትባቱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከታንጋኒካ ከተገኘ ለስላሳ ዝርያ፣ በእንቁላል ውስጥ 44 ጊዜ ተሸጋግሮ የተሠራው ነው። ቢሾፍቱ ያለው የአገራችን ማምረቻም ይሠራዋል። ሕይወት ያለው ክትባት ስለሆነ ከበረዶ ሳጥን ወጥቶ ፀሐይ ላይ የዋለውን አትወጊ።

8. ላሟ ደህና ስለሆነች በረቱ ደህና ነው አትበይ።

ኢ. ኮላይ ኦ 157 የሚባለው በላም ትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ ከፊንጢጣው አጠገብ ባለች ጥቂት ስፍራ ላይ ይሰፍራል፤ ይህን የስኮትላንድ ተመራማሪዎች በ2003 አሳይተዋል። አያያዙ ከሁሉም ይለያል። ከላይ መጨበጫ ካልተገኘ መያዣ ዋጋ የለውም ብዬሽ ነበር። ይህኛው መጨበጫውን ይዞት ይመጣል። መርፌ በመሰለ ቱቦ ቲር የተባለውን የራሱን ፕሮቲን ሕዋሱ ውስጥ ይወጋል፤ ቲር በሕዋሱ ገጽ ላይ ብቅ ይላል፤ ባክቴሪያው ኢንቲሚን በሚባል መያዣው ያንን የራሱን ዕቃ ይጨብጣል። የሕዋሱ ገጽ ከሥሩ ተነሥቶ መቀመጫ ይሠራለታል። ይህ በቅርብ ዘመዱ ላይ በ1997 ሲገለጽ የባክቴሪያን ነገር እናውቃለን የሚሉትን ሁሉ አስደንቋል።

ላሟ አትታመምም፤ የደም ሥሮቿ ሽፋን ባክቴሪያው ለሚያወጣው መርዝ መጨበጫ የለውም። ሰው ግን አለው፤ በተለይ የሕፃን ኩላሊት። በ1982 አሜሪካ ውስጥ በደንብ ባልበሰለ ሥጋ ሰዎች ታመው ነው ዓለም ያወቀው። ላሟ ጤነኛ ሆና ስለምትታይ ማንም አይጠረጥራትም። መከላከያው የእበት ጉዳይ ነው፦ ግት ሳይታጠብ አይታለብ፣ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ።

9. ከወረደ ጽንስ ራስሽን ጠብቂ።

ብሩሴላ ከሕዋስ ላይ ተጣብቆ አይቀርም፤ የሚይዘው ለመግባት ነው። ከገባ በኋላ ሊውጠው በመጣው የደም ሕዋስ ውስጥ ይኖራል፣ ከዚያም የእንግዴ ልጁ ውስጥ ይራባል፤ ላሚቱም በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ታስወርዳለች። ካርቱም ውስጥ ይህ አዲስ አይደለም፤ ባክቴሪያው ከአንድ የካርቱም የወተት በረት ላሞች ተለይቶ መገኘቱ በ1943 ተጽፏል። ዛሬም ወተቱ በአህያ ጋሪ ከሰፈር ሰፈር ሳይፈላ ይሸጣል።

የወረደ ጽንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅሽ አትንኪ። ጓንት ከሌለ በወፍራም ፕላስቲክ እጅሽን ጠቅልይ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ በጥልቅ ቅበሪ፣ ውሻ እንዳይጎትተው ኖራ ነስንሺበት። ነፍሰ ጡር ሴት አጠገቡ አትድረስ። የብሩሴላ ክትባትም በተለምዶ የሚሰጠው ለጊደሮች ነው፤ መርፌው ድንገት ሰው ከወጋ ያሳምማል፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይኬዳል። በማታ የሚመጣ ላብና ትኩሳት፣ የወገብ ሕመም ያለበት አላቢ ካለ ወባ ነው ብለሽ አትተዪው፤ ደሙ ለብሩሴላ ይመርመር። በረት የሚሠሩት አብዛኞቹ ከደሃ ቤት የመጡ፣ ከኛም አገር የተሻገሩ ልጆች ናቸው፤ ስለ እነሱ የሚጠይቅላቸው አንቺ ነሽ።

10. ከሁሉ በፊት የምታደርጊውን ልንገርሽ።

ለመውለድ ሁለት ወር ያህል የቀራቸውን ላሞች ዛሬ ማታ ቁጠሪያቸው። ስማቸውን፣ የሚወልዱበትን ቀን፣ ባለፈው ጊዜ የወለዱት ጥጃ ተርፎ እንደሆነ በደብተርሽ ጻፊ። ለእነሱ የሚበቃ የጥጃ ተቅማጥ ክትባት ከየት እንደሚገኝና ቅዝቃዜው ሳይጠፋ እንዴት እንደሚደርስሽ አብረን እንፈልጋለን። ቁጥራቸውን ብቻ ቶሎ ላኪልኝ።